ቀድሞ የወጣው ካርድ

ኮዬ ፈጬ፣ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአስካለች፣ ጅቡቲ

እንደምን አለሽልኝ? የጅቡቲ ሙቀት፣ የሾፌሮቹ ጩኸትና የባልሽ የሞቲ ኩርፊያ እንዴት ይዘውሻል? እኔና ባልዬው ጉዲሳ፣ ካንቺ ናፍቆትና ከአራተኛ ፎቅ ደረጃ በቀር፣ ጌታ ይመስገን ምንም አልሆንን። እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። ዓመቱ የሳቅ ይሁንልሽ።

አክስታችን እትዬ አደሴ "በስልክ ስትሰዳደቡ ከምሰማ በወረቀት ተገናኙ፣ ወረቀት ላይ የሚጮህ የለም" ካሉን ወዲህ ይኸው የመጀመሪያው ደብዳቤዬ። በአባት አንድ፣ በእናት ሁለት ብንሆንም የሁለታችንንም እናት ተክተው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው፣ ምን ይደረጋል፣ ታዘዝን። ወረቀት ላይም መጮህ እንደሚቻል ግን አላወቁም። የሚያደርስልሽ ሙሀመድሁሴን ነው፣ ያ ተሳቢ የሚነዳው፣ አንቺ ምግብ ቤት ሽሮ እያስደገመ የሚበላው የወሎ ልጅ። "የጴንጤ ደብዳቤ ስጭን ዳገቱ ይቀለኛል" እያለ ያሾፍብኛል።

ወደ ዋናው ልግባ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ከአምልኮ በኋላ የአጥቢያችን ሽማግሌ አባባ መገርሳ እንደ ልማዳቸው ያን የስንደዶ ቅርጫት ይዘው ፊት ቆሙ። ያው የምታውቂው ነው፤ የተጠቀለለ ካርድ፣ በያንዳንዱ ላይ የዓመቱ ቃል፣ ምዕመኑ በየተራ እየወጣ የሚያነሣው። ርቆ ላለ ዘመድ ደግሞ የቅርብ ሰው ያነሣለታል። አንቺም ነሐሴ ላይ "አደራ፣ የእኔን በእጅሽ አውጪልኝ" ብለሽኝ ነበር። አውጥቼልሻለሁ።

ያንቺ "ጸጋዬ ይበቃሻል" የሚለው ነው። የእኔ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ ልጻፈው፣ ያልወለደችው እልል ትበል የሚለው ሆነ! አስኩ! ሰባት ዓመት ሙሉ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ሆዴን እያየ ሰላም ሲለኝ ኖሮ! ያንቺ ዘጠኝ ዓመት መሆኑን አልረሳሁም። ግን የዘንድሮው ለእኔ ነው፣ ምን ላድርግ፣ የወጣው ወጣ።

ካርድሽን ከዚሁ ጋር አጥፌ ልኬዋለሁ። ደግሞ በልብሽ ሌላ ነገር እንዳታስቢ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ባለችው ሱቄ የጠያቂ ስልክና ቦርሳ በቁጥር ሳስቀምጥ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የአንዱን ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም።

ሞቲን ሰላም በይልኝ። ጉዲሳ ከሳሪስ፣ ከብየዳ ቤቱ፣ ጥላሸቱን ሳያራግፍ ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ ኢፍቱ

---

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢፍትዬ

የሚጠብቀን አይተኛምና እኛም በሰላም ከርመናል። ጤናሽ፣ ጉዲሳ፣ እትዬ አደሴ፣ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ከሙሀመድሁሴን አፍ ሰማሁ። ደብዳቤሽ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። እሱም ሽሮውን አስደግሞ፣ "መልስ የለም?" ብሎ፣ የለም ስለው ቅር ብሎት ሄደ። ለዚህ ነው የዘገየሁት፤ ወዲያው ብጽፍ የምናገረውን አላውቅም ነበር።

ቀናሁ። አልዋሽሽም። ካርዱን ያነበብኩት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፣ ለእንባዬ ምክንያት ሆነልኝ። ይበቃሻል! ምኑ ነው የበቃኝ? አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን ላንቺ ሰሃን ሙሉ ቀርቦ እኔን "ጠግበሻል ተነሺ" ያሉኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን ካንቺም ከአምላኬም ተኳርፌ ከረምኩ። ከዚያ ካርዱን ከምድጃው በላይ ለጠፍኩት። በየቀኑ አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ያናድደኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ነገር ያወርድልኛል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በእውነት መልሺልኝ። ታኅሣሥ 8 አዲስ አበባ የሆስፒታል ቀጠሮዬ ነው፣ ለልጅ ሕክምናው ዓመት ከመንፈቅ ተራ የጠበቅሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሐኪሟ "አሁን ካልጀመርሽ በኋላ እንዳታዝኚ" ብላኛለች። ግን አምላክ "ይበቃሻል" ካለኝ በኋላ ያን በር ማንኳኳት አለማመን አይሆንም ወይ? ሞቲ ሂጂ ይለኛል። የእሱ ነገር ግልጽ ነው፣ ልጅ ይፈልጋል። እኔ የምሰማው አንቺን ነው፣ ካርዱን ያወጣው እጅሽ ነውና። ልሂድ ወይስ ልተው? አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ እሱን አደርጋለሁ።

ያንቺ ደስታ ይፈጸም። ይህንን ስል ጥርሴን ነክሼ ነው፣ ግን ብያለሁ።

አስካለች

---

ኮዬ ፈጬ፣ ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአስካለች

ሰላሙን ያብዛልሽ፣ ቤትሽ አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ ብል ያንሳል። ቁጭ በይና አንብቢው። ሆዴ ገፍቷል!

አዎ። ቀሚሴ አልዘጋ ብሎኛል። ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ እንብርቴ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ይሰማኛል። ከብሎካችን ጀርባ በቆርቆሮ አዳራሽ የሚያገለግል አንድ ነቢይ አለ፤ ጎረቤቴ ይዛኝ ሄደች። ገና ስገባ "አንቺ የተስፋ ካርድ የያዝሽው ሴት!" ብሎ ጠራኝ። ካርዱ በእጄ ነበር፣ እሱስ እውነት ነው። ግን የተጻፈበትን ሳላሳየው "ሆድሽ ውስጥ ያለው ልጅ ነው" አለኝ። ሰው ሁሉ እልል አለ። አስኩ፣ ለእኔ እልል ተባለ!

አልትራሳውንድ እንዳልነሣ ከልክሎኛል፣ መመርመር መጠራጠር ነው ብሎ። አንዳንዴ ትንሽ ደም ሳይ የጠላት ማስፈራሪያ ነው እያለ በዘይት ይጸልይልኛል። ጉዲሳ ፊቱን አጥቁሯል። አባባ መገርሳም ሱቄ ድረስ መጥተው ተቆጡኝ፤ "ልጄ፣ ተስፋ የሰጠው እሱ ከሆነ ሐኪም አይነጥቀውም፣ ሂጂና ታዪ" ይላሉ። ሽማግሌው ከገዛ ቅርጫታቸው የወጣውን አያምኑም ማለት ነው። ወይ ጉድ!

ስለ ቀጠሮሽ የጠየቅሽኝን እኔ ምን አውቃለሁ? ቃሉ ግልጽ ነው። እንደ ቃልሽ አድርጊ። ሰው በተሰጠው ሲኖር ያምርበታል።

ደግሞ አትቆጪ። አንቺ ሁልጊዜ ቀዳሚ ነበርሽ። ጥርስ በመንቀል ቀደምሽኝ፣ ፊደል በመቁጠር ቀደምሽኝ፣ ባል በማግባት ቀደምሽኝ። እትዬ አደሴ አዲስ ቀሚስ ሲገዙ ላንቺ ነው፣ ሲያጥርሽ ለእኔ። በስድስት ወር በልጠሽኝ ዕድሜ ልኬን ያንቺን ውራጅ ስለብስ ኖርኩ። በዚህች በአንዷ እንኳ ልቅደም እንጂ! እህት ከሆንሽ ደስ ይበልሽ።

በጸሎት አስቢኝ።

ኢፍቱ

---

ጅቡቲ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢፍትዬ፣ ለእናትዬዋ

በሆድሽ ያለውንም አንቺንም በጥላው ይሸፍናችሁ። እንኳን ለገና አደረሰሽ፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ታኅሣሥ 8 አለፈ። እንዳልሽኝ አደረግሁ። አልሄድኩም። ያን ቀን ጠዋት ቁርስ የበላው ሾፌር ብዛቱ! አንዱ እንኳ "ዛሬ ምን ሆነሻል" ሳይለኝ ዋለ። ሆስፒታሉ ቢደውል ጊዜ "ትቼዋለሁ" አልኳቸው። ተራዬን ለሌላ ሰጡት። ሞቲ ወደብ ላይ የዕቃ ማስለቀቅ ሥራ በዝቶብኛል እያለ አምሽቶ መግባት ጀምሯል። ሥራ እንዳልበዛበት አውቃለሁ።

አሁንም እቀናለሁ ኢፍቱ። ጠዋት ስነሣ እቀናለሁ፣ ሊጥ ሳቦካ እቀናለሁ። ከምድጃው በላይ ያለው ካርድ ባይኖር እንደ ራሔል በእህቷ እንደ ተቃጠለችው ተቃጥዬ አልቅ ነበር። እሷም "ልጅ ስጠኝ አለዚያ እሞታለሁ" ነበር ያለችው። እኔ ግን፣ ይገርምሻል፣ አልሞትኩም። ቃሉ ሆዴን አልሞላውም፣ እኔን ግን ይዞኛል።

በሙሀመድሁሴን አንድ ፌስታል ልኬልሻለሁ። ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት የገዛኋቸው የሕፃን ልብሶች ናቸው፤ ቢጫ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ አንድ ጥንድ ነጭ ካልሲ። ሻንጣ ሥር ከርመዋል። ደግሞ ለልጇም የእኔን ውራጅ ላከች እንዳትዪ፣ አንድም ቀን አልተለበሱም።

ደም ያልሽኝ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስሚኝ፣ እዚህ ቅቤ ስገዛ "አታሽቺው" የሚለኝ ነጋዴ ካለ ትቼው ነው የምሄደው። ደህና ቅቤ አፍንጫ አይፈራም። ያ ነቢይ ሐኪም የሚፈራው ምን ሆኖ ነው? ልጁ የአምላክ ከሆነ ማሽን አያጠፋውም። ቅናት ነው የሚያናግራት በይኝ ግድ የለም፣ ብቻ ሂጂና ታዪ። ዛሬውኑ ሂጂ።

አስካለች

---

ኮዬ ፈጬ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአስካለች

ሰላም ለማለት አፍ የለኝም። ግን እትዬ አደሴ አጠገቤ ተቀምጠው "ያለ ሰላምታ የተጻፈ ደብዳቤ ጠብ ነው" ስላሉኝ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የካቲት 19 ቀን ሱቄ በር ላይ ወደቅሁ። ልጇን ልትጠይቅ ለመጣች እናት ስልኳን ተቀብዬ ቁጥር እየሰጠኋት ነበር። ከዚያ የማውቀው የለም፣ ደሙን ያዩት ሌሎች ናቸው። ስነቃ ሐኪም ቤት ነበርኩ።

ልጅ አልነበረም አስኩ። ማዮማ የሚሉት የማኅፀን ዕጢ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሲነግረኝ "የሕፃን ጭንቅላት ያክል" አለኝ። አሁን ሌላ ምሳሌ ጠፍቶት ነው? ደሜ አልቆ ስለነበር ማኅፀኔን አወጡት፤ ጉዲሳ ነው የፈረመው። ጥቅምት ላይ ብትመጪ ዕጢው ብቻ ይወጣ ነበር አሉኝ። ጉዲሳ ነቢዩ ዘንድ ሄዶ ነበር። "እምነቷ ጎደለ" ብሎ መለሰው። ጉዲሳ ሰው መትቶ አያውቅም፣ ያን ቀንም አልመታም፣ ግን ቤት መጥቶ ግድግዳውን መታው።

አሁን ልንገርሽ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሞቲ በሌለበት አንብቢው።

የቅርጫቱን ደንብ ታውቂያለሽ፣ ሩቅ ላለ ሰው ይቀድማል። እንቁጣጣሽ ጠዋት እጄን ከትቼ "ይህ ለአስካለች" ብዬ የመጀመሪያውን አነሣሁ፣ ቀጥዬ "ይህ ለእኔ" ብዬ ሁለተኛውን። ከመድረኩ እስከ ወንበሬ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። እየሄድኩ ከፈትኳቸው። እልል በይ የሚለው ቀድሞ የወጣው ነው፣ ያንቺ። ጸጋዬ ይበቃሻል የሚለው የእኔ ነው። "አሁንም እሷ!" አልኩ በልቤ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። አንዱን ከግራ እጄ ወደ ቀኝ አዛወርኩትና ተቀመጥኩ። የእስረኛ ዘመድ ሁሉ ንብረቱን አምኖ የሚሰጠኝ ሴት፣ የገዛ እህቴን አደራ በአሥር እርምጃ በላሁ።

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። "ልሂድ ወይስ ልተው" ብለሽ ስትጠይቂኝ እውነቱን ለመናገር ጊዜው ነበረኝ። ደብዳቤሽን ሳምንት ሙሉ በጉያዬ ይዤው ዞርኩ። ሄደሽ ከእኔ በፊት እንዳትወልጂ ፈራሁ። ስለዚህ "እንደ ቃልሽ አድርጊ" ብዬ ጻፍኩልሽ። አውቄ ነው። ቀጠሮሽን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

አባባ መገርሳ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ካርዶቹን በመቀስ የምቆርጠው እኮ እኔ ነኝ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ" አሉኝ። "የእግዚአብሔር ቃል በእኔ መቀስ ተቆርጦ ላንዱ የሚደርስ፣ ከሌላው የሚቀር መሰለሽ? እኔ ለማጽናኛ ያደረግሁትን እናንተ ዕጣ አደረጋችሁት። ያ እልል በይ የሚለው ቃል እኮ ለፈረሰች ከተማ የተነገረ ነው፣ አልተውሽም ለማለት። በዚህ ዓመት ትወልጃለሽ የሚል ደረሰኝ አይደለም።" ከዚያ ስለ ያዕቆብ አነሡ። ገና በእናቱ ሆድ ሳለ ተስፋ የተሰጠውን በረከት በወንድሙ ልብስ ተሸፍኖ ሰረቀ፤ በዚህም ሃያ ዓመት ከቤቱ ተሰደደ። "የሚሰጥሽን ነገር የሰረቅሽ ዕለት ሰጪውን አላመንሽውም" አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ይቅር በይኝ አልልም፣ ገና ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ሆስፒታሉ ደውዪ። እንደገና ተራ ያዢ። ካርድ ላይ የተጻፈውን አትመልከቺ። እኔንም አትስሚ።

ኢፍቱ

---

ኮዬ ፈጬ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአስካለች

ክርስቶስ ተነሥቷል። ፋሲካ አለፈ፣ እንኳን አደረሰሽ እንኳ አላልሽኝም። መብትሽ ነው።

ሙሀመድሁሴን "በእጇ ሰጠኋት፣ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ያለ ጨው ሽሮ አበላችኝ" አለኝ። "ምን ጽፈሽላት ነው? ከዚህ በኋላ ደብዳቤሽን የምጭነው ከበላሁ በኋላ ነው" ብሎ ዝቷል።

ስደቢኝ። ስልክም ቢሆን ደውዪና ስደቢኝ፣ እትዬ አደሴ ፈቅደዋል። ዝምታሽ ከቁስሌ ይልቅ ያመኛል። ደውለሻል ወይ ሆስፒታሉ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

ኢፍቱ

---

ጅቡቲ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢፍቱ

"ትዬ" የምትለውን ጨምሬ ልጽፋት ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ቁስልሽ ይጥገግ። ይህን ከልቤ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገርሽ፤ መጽሐፌን አውጥቼ ያን የሰረቅሽኝን ቃል ፈለግሁት። እዚያው ነበረ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነን በሰንበት ትምህርት በቃላችን ያጠናነው፣ እኔ ያሰመርኩበት። አንድም ፊደል አልጎደለም። እንኳን አንቺ፣ ሙሀመድሁሴን ከነተሳቢው ቢመጣ ጭኖ የሚወስደው አይደለም። ሳቅሁ። ከዚያ ቀጠሮዬ ትዝ አለኝና ሳቁ ቀረ።

ስለ ካርዱ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ካርዱ ወረቀት ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ የባከነውን ሰባት ወር ግን ከቅርጫት አላወጣሁትም ኢፍቱ። እሱን ወስደሽብኛል። የዛሬ ሳምንት አርባ ዓመት ይሞላኛል። የሰባት ወሩን ይቅርታ እየለመንኩበት ነው፣ አምላኬን ማለቴ ነው፣ እንዲሰጠኝ። እስኪሰጠኝ ታገሺኝ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የሞቲ ቃል፣ የሐኪሟ ቃል፣ የራሴ ልብ እያለ አንዲት ጣት የምታክል ወረቀት "አትሂጂ" አለችኝ ብዬ ተቀመጥኩ። አላለችኝም እኮ። ጸጋዬ ይበቃሻል ማለት እቤትሽ ቁጭ በይ ማለት መሆኑን ማን ነገረኝ? ያንቺ ነቢይ በዘይት አታለለሽ፣ እኔ ያለ ነቢይ ራሴን አታለልኩ።

ሞቲ ግን፣ አይ ሰው፣ ያኔ ሳይነግረኝ ጥር ላይ እንደገና አስመዝግቦኝ ኖሯል። ከሐኪሟ ጋር እየተደዋወለ ነበር የሚያመሸው። ሐምሌ 22 ጠርተውኛል። የማርፈው አንቺ ቤት ነው። ሌላ ቦታ ባርፍ እትዬ አደሴ አይለቁኝም። አልጋ አንጥፊልኝ። ስመጣ እንዳታለቅሺ፣ እኔም አላለቅስም፣ ጎረቤት ይስቅብናል።

ከዚህ ጋር ካርድሽን ልኬልሻለሁ፣ የራስሽን። ዘይት ነክቶታል፣ ጠርዙም በእሳት ተለብልቧል፣ ይነበባል ግን። ስለቀው ቅር እያለኝ ነው። በዚህ ዓመት ያልወደቅሁት እሱን እያየሁ ነው። አሁን ግን ካንቺ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው አላውቅም። ከምድጃሽ በላይ ለጥፊው።

አስካለች

---

ኮዬ ፈጬ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአስካለች

በሰላም እንደገባሽ ሞቲ ደውሎ ነገረኝ፣ ተመስገን። ክረምቱ እዚህ አልወጣ ብሏል፣ ደረጃው ያው አራተኛ ፎቅ ነው። ጉዲሳ ሻንጣሽን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ትከሻውን ያመው ነበር፣ አሁን ደግሞ "ቤቱ ጭር አለ" ይላል።

ያን ቀን ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ቦርሳሽን ይዤ ስጠብቅሽ ያሰብኩትን አልነገርኩሽም። ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ እኔ የሰው ቦርሳ ይዤ። እንደ ሱቄ ማለት ነው። ስትወጪ ፊትሽን አየሁት። ሐኪሟ "ጀምረናል፣ ግን ቃል አልገባልሽም" እንዳለችሽ ነገርሽኝ። እኔ "አሜን" አልኩ፣ አንቺ ሳቅሽ። ቃል የማይገባ ሐኪም ደስ አለኝ። ቃል የሚገባውንማ አይቼዋለሁ።

ካርዱ ከምድጃዬ በላይ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? አሁንም ቀናሁብሽ። ዓመት ሙሉ የእኔን ቃል ስትበዪው ከርመሽ፣ እኔ ባዶ ካርድ ታቅፌ! የመጀመሪያውን ወር ሳየው ያናድደኝ ነበር። ይበቃሻል? ማኅፀኔን አውጥተው ይበቃሻል? ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ድንች ስልጥ አየሁት፣ ከዚያ መላጡን ቀጠልኩ። ምንም አልሆነም። ብቻ ቀኑን ሙሉ አላለቀስኩም። በቃ ይኸው ነው የማወራልሽ።

ከነገ ወዲያ እንቁጣጣሽ ነው። አባባ መገርሳ ዘንድሮም ቅርጫቱን ያመጣሉ፣ ግን "ከዚህ የምታነሡት ዕጣ አይደለም፣ እቤታችሁ ሄዳችሁ ሙሉውን አንብቡ" እያሉ ካሁኑ ይለፈልፋሉ። ላንቺም ይነሣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ማንበብ ታውቃለች አልኳቸው። ሳቁ።

የሕፃን ልብሶቹን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሙሀመድሁሴን መልሼልሻለሁ። ቢጫው ሹራብ አለ፣ ኮፍያው አለ። ካልሲው ግን አንድ እግር ብቻ ነው፣ ፌስታሉን ደጋግመሽ አትፈልጊው። ሌላው እኔ ዘንድ ነው። ሁሉንም አጥፌ ከጨረስኩ በኋላ እጄ አልለቀው አለ። ደግሞ ሰረቀች አትበዪ፣ ይኸው ጽፌልሻለሁ።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ከወለድሽ እቀናለሁ። ያንገበግበኛል፣ እኔን አታውቂኝም? ግን ዜናውን የሰማሁ ዕለት ሱቁን ዘግቼ፣ ከሙሀመድሁሴን ጎን ጋቢና ላይ ተቀምጬ፣ ካልሲውን ይዤ እመጣለሁ። እየቀናሁ እመጣለሁ። በእጄ አለብሰዋለሁ። ልጁ ካልመጣም ካልሲው አንዱ ካንቺ አንዱ ከእኔ ይኑር፣ እንደተከፋፈልነው።

እህትሽ ኢፍቱ